የ105.9 ታማኝ አድማጭ ነኝ ባዩ

የአሜሪካን የስሙዝ ጃዝ ሬዲዮ ማን ገደለው ሲባል ብዙ ሰው ጣቱን ሳክስፎን ተጫዋቹ ኬኒ ጂ ላይ ይቀስራል። ግፍ ነው። ሰውዬው በ1992 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ያወጣውን «ብሬዝለስ» የተባለ አልበም በአሜሪካ ብቻ ከአሥር ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጧል፤ ገበያውን አደራው እንጂ አልገደለውም። ገዳዩ እንደኔ ያለው ወዳጅ ነው።

ያ ሬዲዮ በሕይወት ሳለ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። የከተማው ስሙዝ ጃዝ ደግሞ 105.9 ላይ ነበር። ሱፍ የለበሰ ተሳፋሪ ሳክስፎን ከሰማ ጉርሻ ይጨምራል የሚል እምነት ስለነበረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እከፍተዋለሁ። የሚጥመኝ ሙዚቃው ሳይሆን ጃዝ የሚገባው ሰው መስሎ መታየቱ ነው። አንድ ቀን ያሳፈርኳቸው ሴትዮ «ይሄ ማነው የሚጫወተው?» አሉኝ። «ግሮቨር ዋሽንግተን!» አልኩ፣ የአክስቴ ልጅ ይመስል። ሙዚቃው ሲያልቅ አቅራቢው «ዴቪድ ሳንቦርን ነበር» አለ። ሴትዮዋ ምንም አላሉም፤ ሲወርዱ ግን መልሳቸውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ቆጥረው ተቀበሉኝ።

ለነገሩ ጣቢያዎቹም ብዙ ልብ የማይል አድማጭ አይጠሉም ነበር። በፌብሩዋሪ 1987 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ስመ ጥር የሮክ ጣቢያ ተዘግቶ «ዘ ዌቭ» ሲተካ፣ መጀመሪያ ላይ ዲጄ እንኳ አልነበረውም። ኋላ ብሮድካስት አርክቴክቸር የተባሉት አማካሪዎች መጡ። ሰው ሰብስበው፣ በየእጁ የሚዞር ቁልፍ ሰጥተው፣ ሙዚቃ ያሰሙታል፤ የወደደ ወደ ላይ፣ የሰለቸው ወደ ታች ያዞራል። ቁልፉን ወደ ታች ያስዞረ ሁሉ ከጨዋታ ወጣ። ረዥምና አስቸጋሪ ሶሎ ቦታ አጣ፤ የሉተር ቫንድሮስና የሻዴ ድምፅ በሳክስፎኑ መሀል ገባ። ማስታወቂያ አስነጋሪዎችም ወደዱት፤ ደህና ደመወዝ የሚበላ ሰው ቢሮው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከፍቶት ይውላላ።

ከፍቶት መዋሉ የሚታወቀው ግን ሰውዬው ራሱ ሲናገር ነበር። አርቢትሮን የተባለው ድርጅት ትንሽ ደብተር ከጥቂት ዶላር ጋር በፖስታ ይልካል፤ ከሐሙስ እስከ ረቡዕ የትኛውን ጣቢያ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሰማህ ትጽፋለህ። እኛም ቤት ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ ፍሪጁ ላይ አስቀምጬው፣ ረቡዕ ማታ ከራት በኋላ አንድ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት 105.9፣ 105.9፣ 105.9። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየችና፣

«ማክሰኞ እኮ ቀኑን ሙሉ ተኝተህ ነው የዋልከው» አለች።

«ሬዲዮው ክፍት ነበር።»

«የቱ ሬዲዮ?»

«የመኪናው።»

ተሳፋሪ ሲወርድልኝ የምዞርበትን የትራፊክ ወሬና የፖለቲካ ጭቅጭቅ አንዱንም አልጻፍኩም። ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ደብተሩ የሚጠይቀኝ የሰማሁትን ነው፤ እኔ የሞላሁት ልሆን የምፈልገውን ሰው ነው። እንደኔ ያለው ስንት እንደነበር እንጃ።

በ2007 ፊላደልፊያና ሂዩስተን ውስጥ ደብተሩ በመሣሪያ ተተካ። ፔጀር የሚመስል ነገር ወገብህ ላይ ታደርጋለህ፤ እሱ በድምፁ ውስጥ የተደበቀውን የጣቢያውን ምልክት ራሱ እየለቀመ ይመዘግባል። ማስመሰል የለ፣ ረቡዕ ማታ የለ። መሣሪያው በገባባቸው ከተሞች የስሙዝ ጃዝ ቁጥር ወረደ። ምልክቱ የሚደበቀው ጮክ ባለ ድምፅ ስለሆነ ለስላሳ ሳክስፎን ይጎዳል ብለው የተከራከሩ አሉ። ይህን ክርክር እጅግ እወደዋለሁ፣ እኔን ነፃ ያወጣኛልና። ችግሩ የዲሲው 105.9 መሣሪያውን እንኳ አልጠበቀም፤ በፌብሩዋሪ 2008 ወደ ድሮ ዘፈኖች ዞረ። የኒውዮርኩ 101.9 በዚያው ወር ሮክ ሆነ፤ የቺካጎው 95.5 በሜይ 2009 ስፓኒሽኛ ጀመረ። አድማጩ አርጅቷል፤ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ደግሞ ዕድሜው ከ25 እስከ 54 ያለውን ነው የሚፈልገው።

እኔ የ105.9ን መሞት የሰማሁት ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ነው።

«ጋሼ፣ ጣቢያህ ተዘጋ አይደል?» አለኝ ከኋላዬ የቆመ ልጅ።

«መቼ?»

«ሳምንት አለፈው እኮ!»

ወዲያው ነገር አማረኝ። ካፒታሊዝም ኪነትን እንዴት እንደሚበላ ለተሰበሰበው ሹፌር ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ። ልጁ አንገቱን በመኪናዬ መስኮት አስገብቶ ትንሽ አዳመጠና፣

«ታዲያ ይሄ 105.9 አይደል እንዴ? ከመቼ ጀምሮ ነው ሳክስፎን የሌለው?» አለኝ።

«ሰሞኑን ዘፋኝ ያበዙ መስሎኝ ነበር» አልኩት።