በአየር ላይ የሣልኩት በሬ

የወላይታዋ የጉኑኖ ልጆች አገር ሲለቁ ተራ አላቸው፤ መጀመሪያ ሶዶ፣ ቀጥሎ ሐዋሳ ወይ አዲስ አበባ፣ ዕድል የቀናው ደቡብ አፍሪካ። ለእኛ ለሽማግሌዎቹ እንሰቱና ስልኩ ይቀርልናል። ለጊፋታ ግን ማን ይቀራል! ወንዱ ለበሬ፣ ሴቷ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙለት በዓል ስለሆነ፣ የናፈቃቸው እኔ ልሁን ሥጋው ለይቼ አላውቅም። ዳጣው ሲያልቅ እነሱም ያልቃሉ።

የልጅ ልጄ ታዲያ «አዋ፣ ብቸኝነትዎን የሚያስረሳ ነገር አመጣሁልዎ» ብሎ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን መነጽር አስታቀፈኝ። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ቢሆን ማን ግንባሬ ላይ ያስረው ነበር?

ቪአር ይሉታል። ዓይንን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ሌላ ዓለም ያሳያል። በእጅ በሚያዘው መቆጣጠሪያ አየሩ ላይ ይሣላል፤ መስመሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ዞሮ ከጀርባው ማየትም ይቻላል። ብሩሹ ቢያሻው ቀለም፣ ቢያሻው እሳት ይረጫል። መሣያው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ቲልት ብራሽ ብሎ ያወጣው ፕሮግራም ነበር፤ በ2021 ሥራውን ሲያቆም ኮዱን ለሁሉም በነፃ ለቀቀው፣ ሌሎች ኦፕን ብራሽ ብለው ቀጠሉበት። ነፃ መሆኑን ስሰማ ትንሽ ለሰለስኩ። የመነጽሩን ዋጋ ስሰማ መልሼ ደነደንኩ።

ውጭ አገር ብቸኝነት እንደ ወባ የመንግሥት ጉዳይ ሆኗል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጃፓን በ2021 ሚኒስትር ሾመውለታል። የእኛ ሚኒስትር የቡና ቅጠል የምትወቅጠው ጎረቤታችን ነበረች፤ በዝንጅብልና በሚጥሚጣ አፍልታ ስትጠራ ያልመጣ ሰው ካለ ታሟል ማለት ነው። እሷም ልጇ ጋ ሶዶ ገባች።

በሬ ሣልኩ። ወላይታ ተወልዶ ሌላ ምን ይሣላል? የደለበ፣ ሻኛው ወደ ጎን የተጋደመ፣ ቆዳው በዱንጉዛ ቀለም፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። ዙሪያውን ስዞር የጎመን መደብ ውስጥ መግባቴ ይቅር። አልዋሽም፣ ጊዜው ሄደልኝ፤ ማንም አለመደወሉንም ረሳሁ።

ጣጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሥዕል አልቆ ሰው ካላማው ምኑን ሥዕል ሆነ? ግድግዳ ላይ ቢሆን ሁለት ሰው ፊቱ ቆሞ ይከራከርበታል። እዚህ ውስጥ ግን የሚገባው አንድ ራስ ነው። አብሮ ለመግባት ሌላ መነጽር ያስፈልጋል፤ እሱም ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ኔትወርክ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው።

ዕድሜውን በከብት ንግድ የጨረሰ ጎረቤቴን ጠርቼ አሰርኩለት። ብዙ ዝም አለና «ቀንዱ ተሳስቷል» አለ።

«የትኛው?»

በጣቱ ባዶ አየር ጠቆመ። መነጽሩን ነጥቄ አጠለቅኩ፤ በሬው አለ፣ የሰውዬው ጣት የለም። መልሼ ሳስርለት ባትሪው አለቀ፤ መብራትም ጠፍቷል። እስኪመጣ በግራው ቀንድ ስንነታረክ መሸ። ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ «እኔ ያልኩህኮ የቀኙን ነው» አለኝ።