ፈገግ ብዬማ አልከፍልም

ሐዋሳ ላይ ማርጀት ድሮም ቀላል አልነበረም። ባጃጁ ጆሮህ ሥር ጡሩምባውን ይለቅብሃል፣ አባ ኮዳው ከዛፉ ላይ ሆኖ ኮትህን ያበላሽብሃል፣ ሐይቅ ዳር አረፍ ልበል ስትል ደግሞ ፎቶ አንሺው መጥቶ «አባት፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን፣ ሙሽሮቹ መሀል ገብተዋል» ይልሃል። ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ግን የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ወደፊት ገንዘብ የምከፍለው በፊቴ እንደሚሆን አበሰረኝ።

«አባባ፣ ካርድ መያዝ ቀረ፣ የሚስጥር ቁጥርም ቀረ። ካሜራው ያይዎታል፣ ያውቅዎታል፣ ይቆርጥልዎታል።»

«ይቆርጥብዎታል በል» አልኩት።

እስቲ አስቡት። ሰው ገንዘብን ከፈጠረ ጀምሮ ከክፍያ የሚያመልጥባት አንዲት የተከበረች ምክንያት ነበረችው፤ «ቦርሳዬን ረስቼ ወጣሁ»። ይህችን ቃል አንድ ቀን ያልተናገረ ጨዋ ሰው አላውቅም። ፊቱን ግን ማን ረስቶ ይወጣል? የእድር ሰብሳቢው መንገድ ላይ ቢይዘኝ ምን ልለው ነው? «ፊቴን ኮመዲኖው ላይ ትቼው መጣሁ» ልበለው?

ፒያሳ ቡና የምንጠጣ ጡረተኞች አለን። ሂሳብ ሲመጣ የሚሆነውን የምታውቁት ነው። ሁላችንም ብድግ እንላለን። አንዱ «ሙት፣ ዛሬማ የኔ ነው» ብሎ ይምላል፣ ሌላው የአስተናጋጇን እጅ ይይዛል፣ ሦስተኛው እጁን ኪሱ ከትቶ በጣም ይፈልጋል። የዚህ የሦስተኛው እጅ ከኪሱ የሚወጣው ሌላ ሰው ከፍሎ መልሱ ሲመጣ ነው፤ ይህንንም ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አይናገርም። ወዳጅነታችን እስከ ዛሬ የቆየው በዚህች ዝምታ ነው። አሁን አስተናጋጇ ማሽኑን ይዛ ስትመጣ ካሜራው ፊት የተገኘው ከፋይ ሊሆን ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም ወደ ግድግዳው ዞረን ቡና ስንጠጣ ብታዩን ተጣልተው ነው እንዳትሉ።

«ፈጣን እኮ ነው፣ አባባ» ይላል ልጁ። እኔንም ያናደደኝ ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት ለተቀባይ እንጂ ለከፋይ ምን ያደርግለታል? እኔ ብር የምቆጥረው ጣቴን በምራቅ እያራስኩ፣ የተቀደደውን ወደ ፊት አዲሱን ወደ ኋላ እያደረግኩ ነው። ሁለት ቆሮሶ ብዬ አሞራ ገደል ዓሣ ሻጯ ፊት ስቆም፣ ስቆጥር ሐሳቤ ተለውጦ አንድ ይበቃኛል እላለሁ። ወይም እሷ ሲሰለቻት «ይሁን አባት፣ የቀረውን ይተዉት» ትለኛለች። ከኪሴ እስከ መዳፏ ባለችው በዚያች ጊዜ ውስጥ ስንት ብር እንዳተረፍኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ማሽኑ ይህችን ጊዜ ነው የሚወስድብኝ። ገና ቀና ስል አለቀ!

ከየት እንደመጣ ጠየቅሁ። ከቻይና ነው አሉኝ። አሊፔይ የሚባለው የክፍያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ሃንግዡ ከተማ ኬኤፍሲ በከፈተው ምግብ ቤት ውስጥ ነው ለሕዝብ ያወጣው፤ ስሙንም «ፈገግ ብለህ ክፈል» አሉት። ፈገግ ብሎ የሚከፍል ሰው አሮጌ ገበያ ቢገኝ፣ ሻጩ ብሩን ወደ ፀሐይ አንስቶ ሐሰተኛ እንዳይሆን ሳይመረምረው አይቀበለውም። ማስተርካርድም እ.ኤ.አ. በ2016 አውሮፓ ውስጥ ባለካርዶቹ በስልካቸው ራሳቸውን እያነሱ ክፍያ እንዲያጸድቁ አደረገ፤ ካሜራው ፊት ያለው ፎቶ ሳይሆን በሕይወት ያለ ሰው መሆኑ እንዲታወቅ ዓይናቸውን ማርገብገብ ነበረባቸው። እኔ በጉርምስናዬ ዓይኔን አርገብግቤ ያገኘሁት ጥፊ ነው። ሞስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 የምድር ውስጥ ባቡሯን በር በፊት አስከፈተች፣ ብራዚል ሳን ፓውሎ በ2022 ሱፐርማርኬት ውስጥ ሞከረችው። ዓለም ሁሉ ፊቱን ይዞ ተሰልፏል ማለት ነው።

ሐዋሳ ላይ በዓይኔ ያየሁት እስካሁን ቴሌብር፣ ኪውአር ኮድና የሚስጥር ቁጥር ነው። መንገዱ ግን ተጠርጓል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዲጂታል መታወቂያ መጣ፤ ፋይዳ የተባለው ይኸው መታወቂያ ዐሥር ጣታችንን፣ ሁለት ዓይናችንንና ፊታችንን ወስዶ በምላሹ 12 አኃዝ ሰጠን። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ በመጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ፣ ፋይዳ የሌለው ሰው አዲስ የባንክ ሂሳብ እንዳይከፍት አደረገ። ፊትና ሂሳብ እንዲህ ተጋቡ። ለፋይዳ ስመዘገብ መዝጋቢዋ ልጅ «ባርኔጣዎን ያውልቁ፣ መነጽርዎን ያውልቁ፣ አይሳቁ» ብላኛለች። ቻይና ደግሞ ሳቅ ይላል። እንግዲህ በየትኛው ፊት ልከፍል ነው?

ባንክና ፊት ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ተገናኝተው ነበር፤ ረስታችሁት ከሆነ ላስታውሳችሁ። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ሲያወጣ አደረ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የተወሰደብኝ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው አለ። በኋላም ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። ይኸው የልጅ ልጄ ያኔ ተማሪ ነበር፤ ዝርዝሩን መነጽሬን ሰክቼ ከላይ እስከ ታች አየሁት። አልነበረበትም። ተመስገን ብያለሁ። ያን ሌሊት ተኝቼ ነው ያደርኩት ይላል፤ ይህ ልጅ በተማሪነቱ ሌሊት ተኝቶ ማደሩን የሰማሁት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ማሽኑ እኛን ማወቅ አለማወቁ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት አለ። የታላላቆቹ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች ማን እንደሆነ ሳይሆን ወንድ ይሁን ሴት ብቻ እንዲናገሩ ተጠይቀው፣ ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ የተሳሳቱት ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው፤ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ስተዋል። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል አሉ፤ ይሁን። ባለቤቴን ግን «ወንድ ነዎት» የሚላት ማሽን ቢገኝ ለማሽኑ ነው የማዝነው።

አይፎን የሠራው አፕል ራሱ፣ የማያውቅህ ሰው ስልክህን በፊቱ የመክፈቱ ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው ብሎ ሲያበቃ፣ መንታ ወይም የሚመስልህ ወንድም ካለህ ግን ተጠንቀቅ ይላል። እኔ ሻሸመኔ ታናሽ ወንድም አለኝ። ቁርጥ እኔን ነው፤ ለቅሶ ቤት በስሜ ተጽናንቶ ያውቃል። ዓመት በዓል በደረሰ ቁጥር ብድር ይጠይቀኛል። እስካሁን አፉን ከፍቶ እየጠየቀ ነው፣ ከእንግዲህ ፊቱን ማሳየት ብቻ ሊበቃው ነው።

ለቅሶ ካልኩ አይቀር፣ የባንክ ሰዎች ይህችን ይመልሱልኝ። እኛ ዘንድ ወንዱ ሐዘን ሲደርስበት ጢሙን አይላጭም፤ ብዙው እስከ አርባው ያሳድጋል። ፊቱ ያብጣል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ይከናነባል። ጎረቤቱ እንኳ ጠጋ ብሎ «አንተ ነህ እንዴ?» ይለዋል። ገንዘብ የሚያስፈልገው ደግሞ ያን ጊዜ ነው፤ ለሳጥኑ፣ ለመኪናው፣ ለንፍሮው፣ ከገጠር ለሚመጣው ዘመድ። በዚያ ሰዓት ማሽን ፊት ቆሜ «አልታወቁም፣ ብርሃን ወዳለበት ይጠጉ» ልባል ነው? ብርሃን ቢኖረኝማ ለምን አለቅስ ነበር! የእድራችን ጸሐፊ ግን ጢም አያሳስተውም። ካፊያ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ከጀርባዬም ያውቀኛል፤ ያልከፈልኩትን መዋጮ ከነወሩ ይነግረኛል። ሁዳዴ ሲገባ ፊቴ እንደሚከሳ፣ ፋሲካ ሲያልፍ እንደሚመለስ ደግሞ ባለሱቃችን ያውቃል፤ በሁለቱም ፊቴ ዱቤ ሰጥቶኛል።

የሚስጥር ቁጥር ቢታይብኝ ባንክ ሄጄ እለውጠዋለሁ። ፊቴ ቢሰረቅ የማንን ለብሼ ልወጣ ነው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል አሉኝ፤ ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋል። ሌባውን ይቀጣልኝ ይሆናል፤ ሌላ ፊት ግን አይሰጠኝም።

ልጁ በአንድ ነገር አፌን ይዞኛል፣ አልዋሽም። «እናንተ ሽማግሌዎች የሚስጥር ቁጥራችሁን ለሰፈሩ ሁሉ አይደል የምትናገሩት?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጎረቤታችን ያሉ እናት ፊደልም ቁጥርም አይለዩም። ጡረታቸው ሲገባ ካርዱን ከነቁጥሩ ለአንድ ጎረምሳ ያስይዙና ኤቲኤሙ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጎረምሳው አንድ ቀን ቢቀንስባቸው በምን ያውቃሉ? ለእሳቸው ፊታቸው ቢከፍልላቸው ደስ ይለኛል። በዚያ ላይ እሳቸው ዘወትር ፈገግ እንዳሉ ነው፤ ቻይናዎቹ ይወዷቸዋል።

እንግዲህ የባንክ አለቆች ሆይ፣ ማሽኑን ማምጣታችሁ ላይቀር ልመናዬን ስሙኝ። በፊቱ መክፈል የወደደ ይክፈል፣ ያልወደደውን ግን አታስገድዱት፤ አራቷ ቁጥርና የቁጠባ ደብተሬ ባሉበት ይቆዩ። ጢም ያሳደገ ሐዘንተኛ ሲመጣ የሚያናግረው ሰው መስኮቱ ላይ ይኑር። ገንዘቡ ከመቆረጡ በፊት ማሽኑ ጥቂት ይቆይ፣ ዋጋውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይንገረኝና «ይቆረጥ ወይስ ይቅር?» ብሎ ይጠይቀኝ፤ ይቅር ማለት እችል ዘንድ። ፈገግታውን በሚመለከት ደግሞ፣ የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ፈገግ የሚለው ተቀባዩ ይሁን።