የቆሎ ሊቃውንት

ፒያሳ ውስጥ ቆሎ የማይወድ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ቆሎ የሚቆላ ማግኘት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለ አቆላሉ የሚያስተምር ግን በየደጃፉ ሞልቷል። ገብሱ ምጣድ ሳይነካ “እሳቱ በዝቷል” የሚል አለ፤ ተቆልቶ ሲቀርብ “ትንሽ ቢገፋ ኖሮ” ብሎ የሚያዝን አለ፤ ሦስተኛ እፍኙን እየቆረጠመ “የድሮ ቆሎ እኮ ቀረ” ብሎ የሚተክዝም አለ። በአብነት ትምህርት ቤት የቆሎ ተማሪ የሚባለው፣ በኮሮጆው የያዘውን እየቆረጠመ ዜማና ቅኔ ሲማር ዓመታት ይፈጃል። እኛ አራዳ ላይ ትምህርቱን ትተን ቆሎውን ብቻ ስለያዝን ሁላችንም በአንድ ጊዜ ሊቃውንት ሆነናል።

የሊቅነታችን የመጀመሪያ ምልክት ቆሎን እንደ ምግብ አለመቁጠራችን ነው። አባወራው ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹን አስከትሎ ይመጣና ሚስቱን በአዘኔታ ድምፅ “ምንም አትድከሚ፤ ትንሽ ቆሎ ብቻ ቁዪልን” ይላታል። እንግዶቹም “አዎ፣ አዎ፣ እንዳትለፊ” እያሉ ያግዙታል። እሷም የቀረበላት ደግነት ምን እንደሆነ ስለምታውቅ ዝም ብላ ትነሳለች።

እስቲ “አትድከሚ” የተባለውን ሥራ እንቁጠረው። ገብሱ በሰፌድ ላይ ይዘረጋና ጠጠሩ፣ እንክርዳዱ፣ የተሰበረው ይለቀማል። ውሃ ነካ ነካ ይደረግና ገለባው እንዲላቀቅ ሙቀጫ ውስጥ ይሸከሸካል። ይበጠራል። ገለባው አልለቅ ካለ እንደገና ይሸከሸካል፣ እንደገና ይበጠራል፤ ከዚያ ፀሐይ ይመታዋል። ብረት ምጣዱ ሲግል እፍኝ እፍኝ እየተደረገ ይታመሳል፤ አንድ ጊዜ የሞላ ምጣድ ከላዩ ጥሬ ከሥሩ ከሰል ይሆናልና። እጅ ለአፍታ ካረፈ ያርራል። ከወረደ በኋላ ትኩሱን ይፈተግና የቀረው ብናኝ ይነፋል። ሽምብራው አስቀድሞ ተነክሮ ለብቻው፣ ለውዙ ለብቻው፣ ሱፉ ለብቻው ይቆላል፤ የአንዱ እሳት ለሌላው አይሆንምና። ይህ ሁሉ አልቆ ሳህኑ ሲቀርብ ባለሙያዋ ራሷ አንገቷን ደፍታ “ይቅርታ፣ ምንም አላዘጋጀሁም፤ ቆሎ ብቻ ነው” ትላለች። ሳህኑ ግን አንደኛው ቡና ሳይወርድ ባዶውን ይቀራል። ቆሎን “ጊዜ ማሳለፊያ” ብለን የሰየምን ሰዎች፣ የሚያልፈው ጊዜ የማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ገበሬው ግን ጠይቋል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገለባው ቶሎ የሚለቅ፣ ብዙ መውቀጥ የማይፈልግ የገብስ ዓይነት አለ፤ ገበሬዎቹ “ሰነፍ ቆሎ” ይሉታል። ልፋቱን የሚያውቅ ሰው እፎይ ሲል የሚያወጣው ስም ነው። የአራዳው ሊቅ ይህን ዓይነት ገብስ አንድ ፍሬ ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ “ይሄ የአንኮበር ነው” ብሎ ይፈርዳል። ገብሱ ከማዶው ሱቅ በፌስታል እንደመጣ ባለቤቲቱ ብትነግረውም ፍርዱ አይነሳም፤ “ባለሱቁ ከአንኮበር አምጥቶት ነዋ!” ይላታል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ አገሩን በበቅሎ ዞሮ፣ የስንዴና የገብሳችንን ዓይነት ብዛት ባየ ጊዜ ተደንቆ ናሙና ለቅሞ ሄዷል። ምስኪን፤ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ቢጠይቅ ያን ሁሉ ኮረብታ መውጣትና መውረድ ባላስፈለገው ነበር።

ይህ ድፍረት ከየት መጣ ቢባል ታሪክ አለው። ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ የከተማው ትልቅ ገበያ እዚሁ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ደጅ ነበር። ገበያው ከሄደ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ የገበያተኛው ኩራት ግን አብሮ አልተጫነም። በዚያ ላይ ከየካቲት 2016 ጀምሮ የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚሁ ፒያሳ ተከፍቷል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘው እንደ በሶና ቆሎ ያለ ደረቅ ስንቅ ይዞ ነው። የዛሬው ዘማች ከመታሰቢያው ደጅ ተነስቶ እስከ ታክሲ ተራ ለመድረስ አንድ ስኒ ቆሎ ይገዛና መንገዱን ሳያጋምስ ይጨርሳል።

መግዛቱም ቢሆን ወግ አለው። ቆሎ ሻጯ እግረኛ መንገድ ዳር ሰፌዷን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሸሚዙን የተኮሰ ሰውዬ ይመጣና “እትዬ፣ ልቅመሰው?” ይላል። ይቀምሳል። “ጨው አለው እንዴ?” ብሎ ለማረጋገጥ ይደግማል። ሱፉ የት እንዳለ ለማየት ይሠልሳል። ወደ ጎረቤቷ ሻጭ ተሻግሮም ያነጻጽራል፤ ፍርድ ያለ ማነጻጸር አይሰጥማ። መጨረሻ ላይ ከአንዷም ሳይገዛ “ስመለስ” ብሎ ይሄዳል። ሻጮቹ ይተያያሉ፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ ትናንትም ሲመለስ ጠግቦ ነበር።

ቤት ውስጥ ደግሞ ለውዝ ለቃሚው አለ። ይህ ሰው ስለ አገር ጉዳይ በጥልቀት የሚያወራው ቆሎ ሲቀርብ ብቻ ነው። ዓይኑ ተናጋሪው ላይ፣ ጣቱ ሳህኑ ውስጥ ነው። ገብሱን በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ለውዙን በሌባ ጣቱ ሳብ፤ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ሲደርስ ሳህኑ ውስጥ አንድ ለውዝ አይገኝም። ከዚያ “ዛሬ ለውዝ ቆጥባችኋል መሰለኝ” የሚለውም ራሱ ነው።

ከሱ ጎን ጋሼ ተቀምጠዋል። ጋሼ ቆሎ ሲዘገንላቸው እምቢ አይሉም፤ አራዳ ላይ ቆሎ እምቢ ማለት የልደት ሰርተፊኬትን ለሕዝብ ማንበብ ነው። ስለዚህ አንዲት ገብስ ወደ ጉንጫቸው ያስገቡና እዚያው ያሳድሯታል። የቀረውን በጨዋታ መሐል ቀስ አድርገው ኪሳቸው ውስጥ ይጨምሩታል። ስለ ደጃች ውቤ ሰፈር የወጣትነት ዘመናቸው ሲያወሩ ቃላቸው የሚንሻፈፈው በትዝታ ብዛት የሚመስለው እንግዳ ይኖራል፤ ቤተኛው ግን ገብሷ ገና አለመራሷን ያውቃል።

የጤና ቆሎ በላተኛ አዲስ መጥቷል። ሐኪም ኬክ ቀንስ ብሎታል። እሱም ታዛዥ ነው፤ ቆሎ በቦርሳው ይዞ ኬክ ቤት ይገባል። ማኪያቶውን በሦስት ማንኪያ ስኳር እያማሰለ “ገብስ እኮ ለስኳር ጥሩ ነው” ብሎ አስተናጋጇን ይመክራታል። ኬኩን የሚያዘው ቆሎው ጉሮሮው ላይ ስለተጣበቀበት ብቻ ነው።

ከሁሉም ግን የሚያሳዝነኝም የሚያስቀኝም የኮንዶሚኒየሙ ቆሎ ቆሊ ነው። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ሰፈርተኛው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ድሮ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዷ ምጣድ ስትጥድ ሌላዋ ሙቀጫ ታበድር ነበር፤ ሦስተኛዋ ትለቅማለች፤ የተቀረው ግቢ ደግሞ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ አሻሮ ይዞ ወደ ቆሎ መጠጋት እንዲሉ፣ አንዳንዱም አሻሮውን እንኳ ሳይዝ። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ በሙቀጫ ቢወቀጥ የታችኛው ጎረቤት ኮሚቴ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ቆሊው ልጅ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ቪዲዮ ከፍቶ፣ በማያጣብቅ መጥበሻ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጀምራል። ቪዲዮው “ሽምብራውን አሳድረው ይንከሩ” ይላል። የሱ እንግዶች የሚመጡት ዛሬ ማታ ነው። ይዘለዋል።

ሽምብራው ግን አይዘለውም። ጣሊያኖች በመጸው ወራት በየመንገዱ የሚጠብሱት ካስታኛ የሚሉት ወፍራም ቅርፊት ያለው ፍሬ አላቸው። ቅርፊቱን አስቀድሞ በቢላ ያልሰነጠቀ ሰው ይፈነዳበታል፤ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ በራሱ በር ይከፍታል። ጥሬ እህልም እሳት በድንገት ሲለበልበው ሕጉ ያው ነው። የልጁ ሽምብራ አንዱ ጣሪያ፣ አንዱ መጋረጃ፣ አንዱ የእንግዳ መነጽር ይመታል። እንግዶቹ ከሶፋው ላይ ሆነው “ቀንሰው!”፣ “ጨምረው!”፣ “ክደነው!” ይላሉ፤ ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ ማለት ይኼኔ ነው። ጭሱ ኮሪደሩን ሲሞላ ጎረቤቶች በፒጃማ ይወጣሉ። በዚህ መሐል መብራት ይሄዳል። ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ከሰል የሆነው ነገር በሻማ ሲቀርብ እንግዶቹ በጨለማ ለውዝ ፍለጋ ይዳብሳሉ።

ልጁ ለእናቱ ይደውላል። እናትየው ከፒያሳ ስትወጣ ብረት ምጣዷን ከአልጋዋ አስቀድማ የጫነች ሴት ናት። “ሽምብራውን ነክረኸዋል?” ትለዋለች። ዝም ይላል። “ቅዳሜ ና፤ እኔ እቆላልሃለሁ” ብላ ትዘጋለች። ቅዳሜ ይሄዳል፤ ሦስት ጓደኞችም ይከተሉታል። በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ አንደኛው “እማማ፣ ምንም እንዳይደክሙ” ይላል።

እኔ ታዛቢው አንድ ሐሳብ አለኝ። የቆሎ ሊቅነት በፈተና ይሁን። “ትንሽ ቢገፋ ኖሮ” የሚል አንድ ኪሎ ይሸክሽክ፤ “የድሮ ቆሎ ቀረ” የሚል ምጣዱን እስከ መጨረሻዋ እፍኝ ያምስ፤ “የአንኮበር ነው” የሚል ጠጠሩን ይልቀም። ጋሼ በጥርስ ምክንያት ከፈተናው ነፃ ናቸው። ለውዝ ለቃሚው ግን፣ ለመልቀም ያለውን ተሰጥኦ ሁላችንም ስላየን፣ ዛሬውኑ መጀመር ይችላል፤ ሰፌዱ ያው።