ፍንጭት

የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ በ6 ዓመቷ ሲወልቅ እማዬ «ጣሪያ ላይ ወርውሩላት» አለች። ጎንደር ሳለን ጣሪያችን ሳር ክዳን ነበር፤ ሕፃንም ወርውሮ ያደርሰዋል። አሁን ያለነው እስራኤል፣ አሽቀሎን ነው፤ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ፣ የጣሪያው ቁልፍ ቫድ ባይቱ (የሕንፃው ኮሚቴ ኃላፊ) ጋ። «ምን ልትሠራ ነው?» አለኝ። ጥርስ ልወረውር ይባላል? «ዱድ ሸሜሹን ልይ ብዬ» አልኩትና ጥርሱን ከዚያው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ሥር ጥዬ ወረድኩ። ልጅቱ ግን ትራሷን እያነሳች «አባዬ፣ ፌያዋ መጥታ ጥርሱን ብታጣውስ?» አለች፤ ጥርስ ከትራስ ሥር ወስዳ ገንዘብ የምትተወውን የተረት ፌያ ማለቷ ነው። 5 ሰቅል ከፈልኩ።

ወላጆች፣ እኔን የሸወደኝ እናንተን አይሸውዳችሁ። በዚያው ሰሞን ምንም ሳይወልቅ፣ ከሁሉም ኋላ፣ መንጋጋ ብቅ ይላል። ዝም ብሎ ስለሚመጣ የወተት ጥርስ ይመስላል፤ ቋሚ ነው፣ ቢበላ ምትክ የለውም። ከታች ደግሞ አዲሱ ከአሮጌው ጀርባ በቅሎ ጥርሷ ሁለት ረድፍ ሆነና ደነገጥን፤ አሮጌው ሲነቃነቅ ከርሞ ራሱ ወለቀ። አዲሱ ከወተቱ ጎን ሲታይ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ጫፉም እንደ መጋዝ ነው። ልጆቻችሁን በቡርሽ አታሠቃዩ፤ ተፈጥሮው ነው።

ዘንድሮ፣ በ8 ዓመቷ፣ የላይኞቹ ሁለቱ መጡ፤ በመካከላቸው የስንዴ ፍሬ ያሳልፋል። ሐኪሟ «በ11 በ12 ዓመቷ ክራንቻዎቹ ሲወጡ ገፍተው ሊያገጥሙት ይችላሉ፤ ካልሆነ ሽቦ አለ» አለች። የልጆች ጥርስ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ቅርጫቱ (መንግሥት የሚሸፍነው የሕክምና ዝርዝር) ውስጥ ገብቶ፣ በ2019 እስከ 18 ዓመት ደርሷል። ሽቦ ግን ቅርጫቱ ውስጥ የለም።

እማዬ ተቆጣች። «ምኑን ነው የሚያገጥሙት? ፍንጭት እኮ ናት! ስንቷ የተመኘችውን!»

በጥርስ ነገር እማዬን ማመን ይከብደኛል። ሕፃን ሳለሁ ተቅማጥ ቢይዘኝ «ግግ ነው» ብላ ድዴን ያስፈለፈለችኝ እሷ ናት። ትል ነው ተብሎ የወጣው ገና ያልበቀለ ክራንቻዬ ነበር፤ በእሱ ቦታ ቋሚውም ሳይበቅል ቀረ። ይህን ባነሳባት «ተቅማጡ ግን ቆሟል» አለችኝ።

በፍንጭቱ ግን ከእሷ ጋር ነኝ። የሽቦውን ዋጋ ከጠየቅሁ ወዲህ ደግሞ ልጄን ይበልጥ አምሮባታል።