አቧራና እኛ

ቢቸናም ሆነ ሞጣ በበጋ ኮምፒውተር ያለው ሰው ኑሮው ከአቧራ ጋር ነው። ክረምት እግር ይዞ አላላውስ ያለው የዋልካ ጭቃ ሲደርቅ ይፈጭና አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ብድግ ብሎ በመስኮት ይገባል። የጤፍ ውቂያ ሲደርስ እብቁ ይጨመርበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከሰሉና እጣኑ አለ። ደረቁ አቧራስ በብሩሽ ይራገፍ ነበር፤ ጭስ የነካው ግን የፋኑ ክንፍ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር ተከሳሹ ሁልጊዜ ቫይረስ ነው። ፎርማት ይደረጋል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ሳምንት ሳይሞላ ያው ማጓራት። ክዳኑን ከፍቶ የሚያይ የለም። ከፋኑ ሥር ያለው ባለ ሽንሽን አሉሚኒየም አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ለብሶ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ይንቀረፈፋል፣ ሲብስበት ቀጥ ይላል። እኛ ያለንበት ከፍታ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ እኩል ዞሮም የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው።

በዚህ ላይ ዳንቴሉ! «አቧራ እንዳይገባው» ተብሎ ይደረብበታል። አቧራውን እንጃ፣ ሙቀቱን ግን አጥብቆ ይይዛል። በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል እናቱን «አንሺልኝ» የሚል ማን አባቱ ነው?

ጽዳቱስ? ሲፒዩውን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት። የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ሆዱ ውሃ ያቁራል፤ ካላፈሰሱለት ከአየሩ ጋር ማዘርቦርዱ ላይ ይተፋዋል። ፋኑን በእንጨት ካልያዙለትም ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮት ያፏጨዋል። ሕፃናቱ ይስቃሉ፣ ኩሽኔታው ያልቃል። በአፉ እፍ የሚለውም ቢሆን ምራቁን ነው የሚያተርፍለት።

ፋኑ ከተበላሸ በኋላ መጠበቅ ነው። መለዋወጫው ከመርካቶ ተነሥቶ፣ ጎሃ ጽዮንን ወርዶ፣ ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩትን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ደጀን እስኪወጣ፣ ከደጀንም እኛ ጋ እስኪደርስ፣ ያው መንገዱን ሲቅም የመጣ ነው። ካርቶኑ ራሱ ሲከፈት ያስነጥሳል።

እሺ፣ ደረሰ፣ ተገጠመ እንበል። ሁሉም ነገር ጸድቶ፣ ክዳኑ ገና ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ከቤቱ ሰው አንዱ መጥረጊያ አንሥቶ ውሃ ሳይረጭ ወለሉን መጥረግ ይጀምራል።