የ4ኬ ድርቆሽ

ቪዲዮ ቀርጾ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው፣ ይወቀውም አይወቀው፣ ድርቆሽ ነጋዴ ነው። እንጀራ ሩቅ አገር የሚሻገረው ደርቆና ተሰባብሮ እንደሆነ ሁሉ፣ ከስሜን ተራሮች አናት የተቀረጸ የፀሐይ መውጫም እንዳለ አይጓዝም። ሂሳቡ ቀላል ነው። 4ኬ ሲባል በተለምዶ 3840 በ2160 ፒክስል ነው፤ ሲባዛ ከ8 ሚሊዮን ያልፋል። ለእያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ቢሰፈር አንዱ ፍሬም 25 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን ደግሞ ደቂቃው 37 ጊጋባይት ይሞላል። ይህን የሚችል ማስቀመጫ የገዛ ሰው መጀመሪያውንስ ቪዲዮ መሸጥ ምን አስፈለገው? ስለዚህ ካሜራው ራሱ፣ ገና ከእጃችን ሳይወርድ፣ ያደርቀዋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ ከ50 እጅ አንዱን ብቻ ይዞ ወጣ ማለት ነው። ሻጮች «የትኛው ፎርማት ይሻላል?» ብለው ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚከራከሩት እንግዲህ 49ኙ እጅ ከሄደ በኋላ ነው።

የሄደው ግን በጭፍን አልሄደም። ዓይናችን ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ያያል፣ ቀለም ላይ ግን ሰነፍ ነው። 4፡2፡0 የሚባለው ዘዴ ይህን ስንፍናችንን ቆጥሮ ለአራት ፒክስል አንድ የቀለም ልክ ብቻ ያስቀምጥና «ተካፈሉት» ይላቸዋል። ሁለተኛው ቁጠባ በጊዜ ላይ ነው። በ2003 የወጣው ኤች.264 የሚጽፈው እንደ እድር ጸሐፊ ነው፤ አንዱን ፍሬም በሙሉ ይመዘግብና ለሚቀጥሉት «ባለፈው ስብሰባ እንደተወሰነው ሆኖ፣ ደመናው ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ ብሏል» እያለ ያልፋል። ወረቀት ይቆጥባል፤ የአርባኛውን ስብሰባ ውሳኔ የፈለገ ግን መዝገቡን ወደ ኋላ ሲገልጥ ይውላል። ኤዲተሩ መሃል ላይ ሊቆርጥ ሲል ኮምፒውተሩ የሚንተባተበውም ለዚህ ነው። በ2013 የመጣው ኤች.265 ቃለ ጉባኤውን ይበልጥ አሳጠረው፤ አንባቢውን ደግሞ ይበልጥ አለፋው። አፕል በ2007 ያወጣው ፕሮሬስ የእነዚህ ተቃራኒ ነው፤ እያንዳንዱን ፍሬም ከሀ እስከ ፐ እንደ አዲስ ይጽፋል። ከእሱ በፊት የቪዲዮ ሻጮች ይምሉበት የነበረው ፎቶ ጄፔግም ጠባዩ እንዲሁ ነበር።

የእኔ ሙግት አንድ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ፋይሉ ምን ያህል ወፈረ ሳይሆን ምስሉ ስንት ጊዜ ደረቀ ነው። በ100 ሜጋቢት የተቀረጸውን ወደ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው የለወጠ ሰው በሰከንድ 737 ሜጋቢት የሚበላ ፋይል ያገኛል። ከሰባት እጥፍ በላይ! ይህን አይቶ ጥራቱ የጨመረ የሚመስለው ብዙ ነው። ድርቆሹ ግን ውሃ ጠጥቶ አበጠ እንጂ መልሶ እንጀራ አልሆነም፤ የተጣለው ቀለም የትም አይገኝም። የከሳ በግ ጨው አልሶ፣ ውሃ አጠጥቶ ገበያ ማውጣት ነው። «ታዲያ ፕሮሬስ ምን ይሠራል?» ለሚል መልስ አለኝ። ሻጩ ቀለሙን ካስተካከለ ወይም መንቀጥቀጡን ካረጋጋ ምስሉ እንደገና መጻፉ አይቀርም። እንደገና በጠባቡ ኤች.264 ከተጻፈ ያው ድርቆሽ ዳግም ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ የመጀመሪያው ጭመቃ የተወውን ጠባሳ ሁለተኛው እንደ ምስል ቆጥሮ ይጨምቀዋል። ፕሮሬስ የሚያጎድለው ግን ዓይን የሚይዘው አይደለም። ስለዚህ ያልተነካው ካሜራው እንደጻፈው ይሂድ፤ የተነካው አንዴ በፕሮሬስ ተጽፎ ይሂድ።

«ተመልካቹ በስልክ ነው የሚያየው፤ ያውም ዩቲዩብ ዳግም ጨምቆት። ማን ይለየዋል?» የሚልም አይጠፋም። ተመልካቹ አይለየውም፤ ገንዘብ የሚከፍለው ግን ተመልካቹ ሳይሆን ኤዲተሩ ነው። ኤዲተር ደግሞ የገዛውን እንዳለ የሚተው ፍጡር አይደለም፤ ንጋቱን ገዝቶ ምሽት ሊያደርገው ይነሳል። 8 ቢት ምስል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ 10 ቢት 1024። ሰማዩ ከብርቱካን ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ በሚሸጋገርበት ቦታ ኤዲተሩ ቀለሙን ሲጎትት፣ የ8 ቢቱ ሰማይ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት መስመር በመስመር ሆኖ ይወጣል። ጥለቱስ ያምራል፣ ሰማይ ላይ ባይሆን። ካሜራው 8 ቢት ከጻፈ ደግሞ የፕሮሬስ 10 ቢት ለሩብ ቁና እህል የተሰናዳ ትልቅ ጎተራ ነው። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ 10 ቢት 4፡2፡2፣ ማለትም ለሁለት ፒክስል አንድ የቀለም ልክ አስቀምጦ፣ በሚቀርጽ ካሜራ ላይ ይውጣ።

እውነተኛው ተቃውሞ የኔትወርኩ ነው፤ እሱን አልንቅም። 20 ሰከንድ ክሊፕ በኤችኪው 1.8 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 49 ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም መብራት ካልሄደ። ካሜራው የጻፈው 250 ሜጋባይት ግን 7 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ ያልተነካውን ማወፈር ከንቱ ድካም የሚሆነው እዚህም ላይ ነው። ለተነካው ደግሞ በሰከንድ 492 ሜጋቢት የሚበቃው ተራው ፕሮሬስ 422 አለ። ሙሉ ደቂቃ ኤችኪው 5.5 ጊጋባይት ስለሚሆን የፋይል ጣሪያቸው 4 ጊጋባይት ገደማ የሆኑ መደብሮች ከበር ይመልሱታል፤ ተራው 3.7 ሆኖ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ከሁሉም የሚረክሰው መጭመቂያ ግን መቀስ ነው። የፀሐይ መውጫውን ደቂቃ ሙሉ ካልሸጥኩ የሚል ሻጭ አለ፤ ገዢው ከዚያ ውስጥ የሚፈልገው ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ብቅ የምትልበትን አራት ሰከንድ ነው። የቀረው 56 ሰከንድ ጨለማና የሻጩ ሳል ነው።