ኮት የማይሰቀልበት ቢሮ

ትልቋ ልጄ ለቢሮ ሥራ ተፈልጋ ለንደን ከሄደች ሰነባብታለች። ጎረቤቱም፣ ዕድርተኛውም፣ የንስሐ አባቴም ሳይቀሩ «እንኳን ደስ ያለህ» ብለውኛል፤ አሜን ብዬ ተቀብያለሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ቢሮው የታለ? ሄጄ አየሁ እኮ! ዓይኔ ደከም ቢልም ጠረጴዛን ከአልጋ ለይቶ ማየት አልተሳነውም። ያየሁትን ልናገርና እናንተው ፍረዱኝ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ስለ ቢሮ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ጠረጴዛዬ መስተዋት ነበረው፤ ከመስተዋቱ ሥር የዓመቱ ካላንደር፣ የልጆቼ ጉርድ ፎቶግራፍና የዕቁብ ተራ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይቀመጣል። በስተቀኝ ገቢ ደብዳቤ፣ በስተግራ ወጪ። ማኅተሙ በመሳቢያ፣ የመሳቢያው ቁልፍ በኪሴ። ከሁሉም በላይ የራሴ ወንበር ነበረኝ፤ ወንበሩ ላይ ኮቴ ይሰቀላል። ለቅሶም ደርሼ፣ ቀበሌም ሄጄ፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴም ማኪያቶዬን ጠጥቼ እስክመለስ ባለጉዳይ መጥቶ «የሉም እንዴ?» ያለ እንደሆነ ተላላኪያችን «ኧረ አሉ! ኮታቸው ይኸው» ትለዋለች። ባለጉዳዩም ኮቱን እያየ ይጠብቃል። ይኼን ስንፍና የሚለው ያልሠራበት ሰው ነው።

ልጄም አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ስትሠራ ይኼው ወግ ነበራት። በሯ ላይ ስሟ ተለጥፏል፤ የሠራተኛ የቤት ብድር ወረፋዋም ተቃርቧል። አንድ ቀን ማታ መጥታ «አባባ፣ ለንደን ሥራ አገኘሁ» አለችኝ። ምን ልትሠሪ ብላት «ሪስክ» አለች። ሪስክ ደግሞ ምንድን ነው ብላት «ድርጅቱን ሊያጋጥመው የሚችለውን አደጋ አስቀድሞ ማወቅ ነው» ብላ አስረዳችኝ። እኔም በወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ ስጠየቅ የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቅንቆ «እሳት አደጋ ገባች በለና!» አለ። ይኼው እስከ ዛሬ በሰፈሩ ልጄ የለንደን እሳት አደጋ ናት። ማስተባበሉንም ተውኩት፤ እሳት አደጋስ ቢሆን መኪና አለው፣ ጣቢያ አለው፣ ቆብ አለው።

የቪዛውን ነገር አታንሱት። ቪዛዋ ከቀጣሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሥራው የተቋረጠ ዕለት ሌላ ቀጣሪ እንድትፈልግ፣ ካልሆነም ጓዟን እንድትጠቀልል የሚሰጣት 60 ቀን ነው። እኛ አገር ለሞተ ሰው እንኳ ከ40 ቀጥሎ 80 አለው! ደግሞ ገና እግሯ ሳይረግጥ «የጤና» ተብሎ ለቪዛው ለእያንዳንዱ ዓመት 1,035 ፓውንድ ተቀብለዋታል። ሳትታመም! እዚያ ደርሳ ጉንፋን ቢይዛት ምን አሏት? ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ ውኃ በደንብ ጠጪ፣ ዕረፍት አድርጊ። ይኼንንማ እናቷ ያለ ክፍያ፣ ያውም ዝንጅብል በማር ጨምራ ትነግራት ነበር።

ልጠይቃት የሄድኩት በታኅሣሥ ነው፤ ወሩን የመረጠልኝ ሰው ጠላቴ መሆን አለበት። ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ውልቅ ትላለች። በመካከሉም ቢሆን ያለችበትን የሚያውቅ የለም። በዚያ አገር ኮቷን ሰቅላ የምትጠፋ እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

በደረስኩ በማግሥቱ ጠዋት «አባባ፣ መሥሪያ ቤቴን ላሳይዎት» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ከረባቴን አሰርኩ፣ ወጣን። በምድር ሥር በሚሄደው ባቡር ነው የሚኬደው። የዚህ ባቡር ታሪፍ ሰው ሥራ በሚገባበትና ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ይጨምራል። ሥራ የሌለው በርካሽ፣ ሥራ ያለው በውድ! ወደ ታች የሚያወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይም በስተቀኝ ነው የሚቆመው፤ ግራው ለሚሮጥ ነው። እኔ ይኼን የት አውቄ! ግራውን ይዤ፣ የብረቱን ድጋፍ ጨብጬ ቆምኩ። አንድ ጎረምሳ ከኋላዬ መጥቶ «ሶሪ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው ብዬ «ግድ የለም፣ ምን አጠፋህ?» አልኩና ባለሁበት ጸናሁ። ደግሞ «ሶሪ» አለኝ። ደግሜ ይቅር አልኩት። ልጄ በእጄ ጎትታ ወደ ቀኝ ባታመጣኝ ኖሮ ያን ሁሉ የተሰለፈ ሕዝብ ይቅር ስል እውል ነበር።

ባቡራቸው መቼ ተጀመረ ብዬ ጠየቅኋት፤ በስልኳ አይታ እ.ኤ.አ. በ1863 በጥር ወር አለችኝ። በእኛ 1855 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የመዝገብ ቤት ሰው ዓመተ ምሕረት አይረሳም! በዚያው ዓመት በጥቅምት እኮ ነው ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ የጻፉት። ደብዳቤው ለንደን ደርሷል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ገብቷል። ከዚያ በኋላ ግን ንጉሡ ቢጠብቁ ቢጠብቁ መልስ የሚባል ነገር የለም። ናቁኝ ብለው የእንግሊዙን ቆንስል አሰሩ፤ ነገር ነገርን ወልዶ የናፒየር ጦር መጣ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ምድርን ሰርስረው ባቡር ያስኬዱ ሰዎች አንድ ደብዳቤ በጊዜው መመለስ አቃታቸው! እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት ብኖር ኖሮ ቁጥር ሰጥቼ፣ በገቢ መዝገብ አስፍሬ፣ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም መትቼ፣ ለክፍሉ መርቼ፣ ሲዘገዩም በሳምንቱ «ከዚህ ቀደም በተጻፈው መሠረት» ብዬ ማስታወሻ እልክባቸው ነበር። ከመቅደላ የወሰዷቸውን ብራናዎች ግን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ በሥርዓቱ ቁጥር ሰጥተው አስቀምጠዋል። የራሳቸውን ወረቀት እንዲህ ቢይዙ ምን ነበር?

ይኼን ስል «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ። ሰውማ የት ያያል? ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ካናሪ ዋርፍ የሚባል ሰፈር ነው፤ ድሮ የመርከብ ወደብ ነበር፤ ወደቡ ሲዘጋ በምትኩ ፎቅ ደረደሩበት። እንግዳ መቀበያው ላይ ፎቶግራፌን አነሱና ስሜን አጣመው የጻፉበት ወረቀት ኮቴ ላይ ለጠፉብኝ። ሊፍቱ በውስጡ የሚጫኑት ቁጥር የለውም፤ የሚሄዱበትን ፎቅ ውጭ ሆነው ይናገሩና ገብተው ለአምላክ ይተዋሉ። ወጣን። እንደ ኳስ ሜዳ የተንጣለለ አዳራሽ ነው። በር የለም፤ የሚከፋፍል ግድግዳ የለም፤ ኮምፒውተርና ወንበር ብቻ።

«የትኛው ነው ጠረጴዛሽ?»

«ዛሬ? ቆይ ልየው» ብላ ስልኳን ከፈተች።

እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ቋሚ ቦታ የሚባል ነገር የለም! ሠራተኛው ከቦታው ስለሚበዛ በየዕለቱ እንደ አውቶቡስ ወንበር ቀድሞ መያዝ ነው። ያን ቀን የደረሳት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነበር። ማታ ስትወጣ ጠርጋ ታስረክባለች፤ ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ታዲያ ዕቃሽን የት ታደርጊያለሽ ብላት ግድግዳ ዳር ወደተደረደሩ ትንንሽ የብረት ሳጥኖች ወሰደችኝና አንዱን ከፈተችልኝ። አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንድ ኩባያ፣ እናቷ የላከችላት በሶ በፌስታል፣ ከጀርባው ትንሽዬ የእመቤታችን ሥዕል። የባንኩ በር ላይ ተለጥፎ የነበረውን ስሟን አስታወስኩና ሳጥኑን ፊትና ኋላ አየሁት። 214 ይላል።

በዚህ መካከል አንድ ሸበቶ ሰው ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲንከራተት አየሁ። ባለጉዳይ መስሎኝ አዘንኩለት። ልጄ በስሙ ጠርታ «አባቴ ናቸው» ብላ አስተዋወቀችኝ። በባዶ ስሙ! እጄን ጨብጦ፣ ስለ ልጄ ጉብዝና መልካም መልካሙን ተናግሮ ሄደ። ማን ነው ስላት «አለቃዬ» አትለኝም! ዘግይቶ መጥቶ መቀመጫ አጥቶ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፤ የእኛ ሥራ አስኪያጅ ገና ከመኪናቸው ሲወርዱ ነበር ኮሪደሩ ጸጥ የሚለው። ይኼ ሰው እኔ ብነሳለት ኖሮ ወንበሬ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ስለ ምሳቸው ብዙ አልልም። ከፍሪጅ የወጣ ሳንድዊች ነው፤ ሁሉም ለየብቻው፣ ኮምፒውተሩን አፍጥጦ እያየ ይበላል። «እንብላ» የሚል አንድ ሰው እንኳ አልሰማሁም።

ይህም ቢሆን በሳምንት የተወሰነ ቀን ነው። በቀሩት ቀናት «ከቤት ነው የምሠራው» ትላለች። ቤት የምትለው ከሌሎች ጋር በጋራ የተከራየችው ሲሆን የራሷ የምትለው አንድ ክፍል ነው። ልብስ ማጠቢያው ወጥ ቤት ነው፤ ፍሪጁ እንደ ርስት በመደርደሪያ በመደርደሪያ ተከፋፍሏል። ክፍሏ ውስጥ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ትራስ አለ፤ ትራሱ ላይ ላፕቶፕ አለ። ባሕር አቋርጣ የሄደችለት ቢሮ ይኸው ነው።

ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ከስሟ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ጥቂት ደቂቃ ሳይነኩት ከቆዩ ነጥቧ ቢጫ ትሆናለች፤ ያኔ የለችም ማለት ነው። ልጄ ሽሮዋን ታማስልና ሮጣ መጥታ ማውሱን ነካ ታደርጋለች፤ ሽንኩርቷን ትገለብጥና ተመልሳ ነካ። ሦስቴ እየሮጠች ሳያት ሆዴ ባባ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አልኳትና ከማውሱ ጎን ተቀመጥኩ። ከሰዓቱን ሙሉ ለአንድ የእንግሊዝ ድርጅት ሥራ ላይ ነበርኩ ማለት ነው። አበል ግን አልታሰበልኝም።

ቅዳሜ ቡና ላፍላልሽ አልኩ። ከአዲስ አበባ የወሰድኩትን ጥሬ ቡና ቆላሁ፤ ጭሱ ሳይነሳ ጣሪያው ላይ ያለው ነገር ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! አብረዋት የሚኖሩት በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። አንዱ በፎጣ እያራገበ «ሽታው ግሩም ነው» አለኝ፤ ሌላዋ «ኧረ ምንም አይደል» አለች፤ ሁሉም ፈገግ አሉ። እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ አደርኩ። በማግሥቱ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፦ «ወደፊት ቡና ሲቆላ መስኮት ቢከፈት ደስ ይለናል፤ በቅድሚያ እናመሰግናለን»። ከሥሩ የሚስቅ ፊት ተስሏል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለንደን ቆይቼ ቢሮ ቢሮ የሸተተኝ ነገር ቢኖር ያቺ ወረቀት ናት። ቁጥር የላትም፣ ቀን የላትም፣ ፊርማ የላትም፤ ቢሆንም ማስጠንቀቂያ ናት። መልስ አርቅቄ ላጣብቅ ስል ልጄ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ።

ዘንድሮ ለገና መጣች። እልል ብለን ተቀበልን። «አባባ፣ ሁለት ሳምንት ከዚሁ ሆኜ እንድሠራ ፈቅደውልኛል» ስትል መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ ሳሎኔን መረከቧ ነው! ለንደን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ስድስት ሰዓት ነው፤ ምሳ ሲቀርብ ሥራ ትገባለች፣ ራት ሲቀርብ ከሥራ አትወጣም። ሬዲዮ ዝጉ ተባለ። እናቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በር ላይ ዘብ ቆመች። በጡረታ ዘመኔ፣ በገዛ ቤቴ፣ ሻይ በሰርቪስ ይዤ ሳላንኳኳ ገብቼ ሳልናገር እወጣለሁ። የእኛ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ቢያንስ በገባች ቁጥር ወሬ ይዛ ነበር የምትገባው።

በዓሉ ሲቃረብ የገዛሁት ቀይ አውራ ዶሮ ጓሮ ታስሮ ነበር። እንዲህ ያለው ፍጥረት ስብሰባ አያውቅም፤ ለንደን ያሉት ሁሉ በተሰበሰቡበት ድምፁን ለቀቀው። አለቀልን ብዬ ተነሳሁ። ሰዎቹ ግን በሳቅ ፈነዱ። «ዶሮ ነው? እውነተኛ ዶሮ?» ብለው ካላየነው አሉ። ልጄ ላፕቶፑን ተሸክማ ጓሮ ወረደች። በስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ፊቶች በሙሉ፣ ያ መቀመጫ ያጣው አለቃ ጭምር፣ ሥራ ፈትተው ዶሮዬን አዩት። አዩት ብቻ አይደለም፤ ስም አወጡለት።

ገና አልፎ ሥራ የጀመረች ዕለት ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ያ ዶሮ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጄ ድምፁን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። ጣቶቿ ገና ቁሌት ቁሌት ይሸታሉ።

«አባባ፣ ምን ልበላቸው?»

ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ጉዳይ አይደል እንዴ? አልተጨነቅሁም።

«ለመስክ ሥራ ወጥቷል በያቸው» አልኳት።